ሆድ ይፍጀው ብለው ላገለገሉን

መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። እኛ ቤት ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዶሮው ወጥቷል። እህቴ አበባየሆሽ ስትጨፍር፣ እኔ ደግሞ የሣልኩትን አበባ ለጎረቤት ሳድል ውለን ያገኘናትን ሳንቲም እየቆጠርን ነበር። አስር ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ ኒውዮርክ ገና ጠዋት ሳለ፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ሕንጻውን መታው። እኛ ያየነው ማታ በቴሌቪዥን ነው። አባቴ የያዘውን ብርጭቆ ሳያስቀምጥ "ስንት እናት ታለቅስ ይሆን" ሲል ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ወዲህ እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ ሁለት ነገር ተደባልቆ ይገባል፤ አደይ አበባና የዚያ ቀን ጭስ። ከጭሱ ፎቶዎች መካከል አንዷ ጋ ሁሌም ቆም እላለሁ። የሮይተርሱ ፎቶ አንሺ ሻነን ስቴፕልተን ያነሳት ናት። ከአናታቸው እስከ ጫማቸው አመድ የለበሱ አምስት ሰዎች አንድ ሽማግሌ በወንበር ተሸክመው ይሄዳሉ። የሽማግሌው አንገት ዘንበል ብሏል። ሞተዋል።

አባ ማይካል ጀጅ ይባላሉ። የፍራንሲስካን ማኅበር መነኩሴ፣ የካቶሊክ ቄስ፣ የኒውዮርክ እሳት አደጋ መምሪያ የነፍስ አባት ነበሩ። በዚያ ቀን ጥቃት ከሞቱት 2,977 ሰዎች መካከል በአስከሬን መርማሪዎች መዝገብ ቁጥር 1 ሆነው የተጻፉት እሳቸው ናቸው።

ስለ እሳቸው የምጽፈው ግን የሽብሩን ታሪክ ለመድገም አይደለም። አባ ማይካል ጌይ ነበሩ። ይህንንም ለሚያምኗቸው ጥቂት ሰዎች ነግረው፣ በአደባባይ ግን አንድም ቀን ሳያወሩት 40 ዓመት በቅስና አገለገሉ።

ይህን ርዕስ ሳነሳ ከቻናሉ የሚወጣ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ስሙኝ። ስለ ሃይማኖት ድንጋጌ አልከራከርም፤ የምጽፈው ስለ ውለታ ነው። የራሴም ዕዳ አለብኝ፣ ወደ እሱ እመጣለሁ። "ጌይ" የሚለውን የውጭ ቃል የምጠቀመውም አማርኛችን ለእንዲህ ያለ ሰው ያለው ቃል ወይ ስድብ ወይ የክስ መዝገብ ቃል ስለሆነብኝ ነው።

*

አባ ማይካል የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1933 ብሩክሊን ውስጥ፣ ከአየርላንድ ከመጡ ስደተኞች ነው። መንትያ እህት ነበረቻቸው። አባታቸው ሲሞቱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ቤተሰቡን ለመደጎም ፔን ስቴሽን በሚባለው ባቡር ጣቢያ ጫማ ይጠርጉ ነበር። በኛ ቋንቋ ሊስትሮ ነበሩ። ከጣቢያው አቅራቢያ የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሊስትሮው ልጅ እዚያ እየገባ መነኮሳቱን ሲያይ እንደነሱ መሆን ተመኘ። በ15 ዓመታቸው ወደ ማኅበሩ ትምህርት ቤት ገቡ፣ በ1961 ቀሰሱ።

እንከን የሌላቸው ሰው አልነበሩም። ለዓመታት ከመጠጥ ጋር ታግለዋል። ከተዉት በኋላ ግን የመጠጥ ሱሰኞች በሚረዳዱበት ማኅበር ውስጥ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሌሎችን ሲደግፉ ኖረዋል።

በ1980ዎቹ ኤድስ ኒውዮርክ ላይ ወረደ። የዚያን ዘመን ፍርሃት የኛ አገር ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ብርጭቆ የሚለይበት፣ አንሶላ የሚቃጠልበት፣ ጎረቤት ለቅሶ የማይደርስበት ጊዜ እኛም ዘንድ ነበር። እዚያም አስታማሚ ጓንት ካላደረገ አይጠጋም፣ ምግቡን በር ላይ አስቀምጦ የሚሄድ ብዙ ነበር። አባ ማይካል ወደ በሽተኞቹ ክፍል ገቡ። እግራቸውን በዘይት ያሹላቸው ነበር። ወዳጆቻቸው እንደሚተርኩት፣ አንዱ በሽተኛ "እግዚአብሔር ይጠላኛል?" ብሎ ቢጠይቃቸው በቃል አልመለሱለትም፤ አቅፈው አነሱት፣ ሳሙት፣ እንደ ሕፃን እሹሩሩ አሉት።

በ1992 የእሳት አደጋ መምሪያው የነፍስ አባት ሆኑ። በ1996 የቲደብሊውኤ በረራ 800 ከኒውዮርክ ተነስቶ ባሕር ላይ ሲወድቅና 230 ሰው ሲያልቅ፣ አስከሬን ከሚጠብቁት ቤተሰቦች ጋር ቀናቸውን ሲያሳልፉ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። ልጆቻቸው የሚሏቸው የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወደ ሚነደው ሕንጻ ሲሮጡ አብረው ሄዱ። በሰሜኑ ሕንጻ መግቢያ አዳራሽ ቆመው ሲጸልዩ፣ በኛ ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ የደቡቡ ሕንጻ ተደርምሶ ፍርስራሹ አዳራሹን ሲመታው ሞቱ። አምስቱ ሰዎች ተሸክመው አወጧቸው። በአቅራቢያው ወዳለው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ተወስደው መሠዊያው ፊት ተጋደሙ። በቀብራቸው ላይ ካርዲናል ኤድዋርድ ኢጋን ጸሎቱን መሩ፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ንግግር አደረጉ። በዚያ ቀን የሞቱት የመምሪያው ሰዎች 343 ናቸው፤ እሳቸውም ከነሱ ጋር ይቆጠራሉ።

*

ከሞቱ በኋላ በነበሩት ወራት የኒውዮርክ መጽሔቶች ስለ ዝምታቸው መጻፍ ጀመሩ። ነገሩን በይፋ ካረጋገጡት ሰዎች አንዱ የእሳት አደጋ ኮሚሽነሩ ቶማስ ቮን ኤሰን ናቸው። ኮሚሽነር ከመሆናቸው በፊት፣ በእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ሳሉ ያውቁ ነበር። ምስጢሩንም ጠበቁ። ኋላ ኮሚሽነር ሲሆኑ ደግሞ አባ ማይካል ራሳቸው ነገሯቸው።

ልብ በሉ፣ ይህ ጉልበት የሚከበርበት፣ ቀልዱ ሻካራ የሆነ፣ አብዛኛው ካቶሊክ የሆነ የወንዶች ዓለም ነው። ቮን ኤሰን አንድን ሰው ከዚያ ዓለም ሊያስወጣ የሚችል ወሬ በእጃቸው ይዘው ለዓመታት ለማንም አላቀበሉትም። አብረው ሠሩ፣ አብረው ለቅሶ ደረሱ፣ ቀበሯቸው። ይህን ሰው አስታውሱልኝ፤ ከራሴ ጋር ላወዳድራቸው ነው።

ዜናው ሲወጣ የተቆጡ ካቶሊኮች ነበሩ። ውሸት ነው፣ የጻድቅ ሰው ስም ማጥፋት ነው አሉ። የሚገርመው፣ የተቆጡት ሰዎች አባ ማይካልን ይወዷቸዋል። ግን ፍቅራቸው አንድ ነገር እንዳያውቁ የሚለምን ፍቅር ነው። ያን አንድ ነገር ካወቁ እግር ያሸው እጅ ሌላ እጅ የሚሆንባቸው ይመስል።

አባ ማይካል ራሳቸው ይህን ያውቁት ነበር። በማስታወሻ ደብተራቸው ላይ፣ የሚያገኟቸው ሰዎች እሳቸውን ሙሉ በሙሉ ሳያውቁ እንደሚቀሩ የሚገልጽ ሐሳብ ጽፈዋል። ከተማ ሙሉ ሰው የሚወዳቸው፣ ስልካቸው የማያርፍ፣ ጫማ ከሌለው የጎዳና ተዳዳሪ እስከ ፕሬዚዳንት የሚያውቃቸው ሰው ናቸው እንዲህ የጻፉት። ሆድ ይፍጀው የምንለው ነገር እውነትም ሆድ ይፈጃል። አማርኛው ዋጋውን አልደበቀም።

ሙሉ በሙሉ ዝም አሉ ማለትም አይደለም። በኒውዮርክ ዋናው የቅዱስ ፓትሪክ ሰልፍ ጌይ የሆኑ አየርላንዳውያን በስማቸው እንዳይሰለፉ ይከለክል በነበረበት ጊዜ፣ በ2000 ኩዊንስ ውስጥ ሁሉንም የሚቀበል ሌላ ሰልፍ ሲጀመር አባ ማይካል የምንኩስና ቀሚሳቸውን ለብሰው ተገኝተዋል። ንግግር አላደረጉም ብንል እንኳ ቀሚሱ ተናግሯል።

*

አሁን ወደ ዕዳዬ ልምጣ።

የምተርክላችሁን ሰው ስም አልጽፍም። ከተማውን፣ ዓመቱን፣ ቤተ እምነቱንም አልጽፍም። ቄስ ይሁኑ መጋቢ፣ ዲያቆን ይሁኑ ወንጌላዊ አልናገርም። ሊያስለያቸው የሚችለውን ዝርዝር ሆን ብዬ ለውጫለሁ። ጋሼ ልበላቸው።

አባቴ በታመመ ጊዜ ለወራት አልጋ ላይ ነበር። መጀመሪያ ጠያቂው ብዙ ነው፣ ብርቱካኑ ከአልጋው ሥር ይከመራል። ሦስተኛው ወር ላይ ጠያቂው ይሳሳል። ስድስተኛው ላይ ቤተሰብ ብቻ ይቀራል። ጋሼ ግን አልቀሩም። ማክሰኞና ዓርብ ከአገልግሎት መልስ ይመጣሉ። ያነቡለታል፣ ይጸልዩለታል። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ሙቅ ውሃ ያስመጣሉ። አባቴ ጢሙ ሲያድግ የሚያሳክከው ሰው ነበር፤ እኔ ደግሞ ያን ቆዳው የቀረ ፊት ላይ ምላጭ ማሳረፍ ፈራሁ። ጋሼ ይላጩታል። አገጩን በመዳፋቸው ደግፈው፣ ስለ ኳስ እያወሩት። አባቴ የጊዮርጊስ ደጋፊ ነበር፤ ተሸንፈው ከሆነ ምላጩን አቁመው ያጽናኑታል። በዚያ ቤት ውስጥ በዚያ ወቅት የተሳቀው ሳቅ ሁሉ የማክሰኞና የዓርብ ነው።

የሞተ ለታም አጥበው የገነዙት እሳቸው ናቸው።

ትዳር አልነበራቸውም። "ለምን አላገቡም?" የሚለው ጥያቄ በከተማው ውስጥ እንደ ቀልድ ይነሳ ነበር፣ እንደ ቀልድ ይታለፍ ነበር።

ዓመታት አለፉ። እኔ አዲስ አበባ ገብቼ ጋዜጠኝነት ያዝኩ። ቋሚ መሥሪያ ቤት የለኝም፤ በጽሑፍ የሚከፈለኝ ነኝ። እንደኔ ያለው ሰው የሚኖረው በጥቆማ ነው። አንድ ማታ የከተማችን ልጅ በቴሌግራም አንድ ስክሪንሾት ላከልኝ። የጋሼ ነው የተባለ የጽሑፍ ምልልስ ነው። ከማን ጋር እንደተጻፈ፣ እውነት ይሁን የተፈበረከ፣ የሚያሳይ ምንም ነገር የለውም። ላረጋግጠው አልቻልኩም፣ ስለዚህ አልጻፍኩትም። በራሴም ኮራሁ። የሙያ ሥነ ምግባር አለኝ አልኩ።

ግን ከመተኛቴ በፊት ለሁለት የሙያ ጓደኞቼ ፎርዋርድ አደረግኩት። "ይሄን አይታችኋል?" ብዬ፣ የሚስቅ ፊት ጨምሬ።

ድሮ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል ነበር። ዛሬ አፍም አያስፈልግም፣ አውራ ጣት ይበቃል። ሳምንት ሳይሞላ ያው ምስል ከማላውቀው ሰው ዞሮ ራሴው ዘንድ ደረሰ። ከላዩ ጥቅስ፣ ከሥሩ እርግማን ተጨምሮበታል። ያሰራጨሁት እኔ ብቻ ነኝ አልልም፤ ለኔ የላከልኝ ለሌላም ልኮ ይሆናል። እጄ የለበትም ግን አልልም።

ጋሼን በይፋ የከሰሳቸው የለም። ቀርቦ የጠየቃቸውም የለም። "ለጊዜው ከአገልግሎት ይረፉ" ተባሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ድርጊት በእስራት ይቀጣል። ሕጉ የከበደ ነው፤ ቢሆንም ድርጊት ተፈጽሟል ለማለት ማስረጃ ይጠይቃል። ወሬ ግን ከሳሽም፣ ምስክርም፣ ዳኛም ራሱ ነው። ይግባኝ የለውም። ጋሼ አንድ ሻንጣ ይዘው ከተማውን ለቀቁ።

እናቴ ደወለችልኝ። "ጋሼ እኮ ሄዱ" አለችኝ።

"ምን ሰማሽ?" አልኳት።

"የሚወራውን ሰማሁ።" ትንሽ ዝም አለች። "አባትህን የላጨ እጅ ነው እኮ።" ቀጥላም "ማን እንዳወራባቸው አትደርስበትም? ጋዜጠኛ አይደለህ?" አለችኝ።

ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ወሬው እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም። ለረጅም ጊዜ "ውሸት ቢሆንስ?" እያልኩ እጨነቅ ነበር። ቆይቶ ጭንቀቴ ራሱ አሳፈረኝ። እውነት ቢሆን ኖሮ ያደረግኩት ትክክል ሊሆን ነበር? እውነት ከሆነማ በደሌ ይብሳል። ያ ሰው ከኛ ከመሰልነው ሰዎች ምን እንደሚመጣበት እያወቀ ነው ማለት ነው ማክሰኞና ዓርብ በራችንን ሲያንኳኳ የነበረው።

*

"ሃይማኖታችን አይፈቅድም" የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ክርክሩን የሚያውቁት ቤተ ክርስቲያናት ያለፉበትን አንድ ታሪክ ላንሳ፤ መጨረሻው አገራችን ድረስ ስለሚመጣ።

በአሜሪካ የምትገኘው ትልቋ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን፣ ጌይ የሆኑ ቀሳውስቷ ብቻቸውን ካልኖሩ በቀር እንዳያገለግሉ ለዓመታት ትከለክል ነበር። ጓደኛ ያለው ወይ ይደብቃል፣ ወይ ከመዝገብ ይሰረዛል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2007 ቺካጎ ላይ ጠቅላላ ጉባኤዋ ሲሰበሰብ 82 ቀሳውስትና አገልጋዮች ማንነታቸውን በስማቸው ይፋ አደረጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚኒያፖሊስ ላይ ጉባኤው በ559 ለ451 ድምፅ ክልከላውን አነሳ። የስዊድን ቤተ ክርስቲያንም በዚያው በ2009 የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን ለመፈጸም ወሰነች።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ከሁለቱም ጋር የቆየ ወዳጅነት ነበራት። በ2013 መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ ባደረገችው ጠቅላላ ጉባኤ ከሁለቱም ጋር ግንኙነቷን አቋረጠች፣ ቅዱስ ቁርባን አብሮ መካፈልንም ጨምሮ። ውሳኔው የራሷ ነው፤ በእምነቷ መሠረት የወሰነችውን እኔ የምፈርድበት አይደለም። ሌሎቹ ቤተ እምነቶቻችንም አቋማቸው ግልጽ ነው።

እኔን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው። እነዚያ 82 ሰዎች ስማቸውን ከመናገራቸው በፊት በነበሩት ዓመታት ምን ሲሠሩ ነበር? ሕፃን ሲያጠምቁ፣ ሲያጋቡ፣ ሌሊት ተጠርተው ሆስፒታል ሲሄዱ፣ ሲቀብሩ ነበር። ስማቸው በታወቀ ማግስት የጠመቁት ሕፃን ያልተጠመቀ ሆነ? የቀበሩት ሰው ያልተቀበረ ሆነ?

ለዚህ ቤተ ክርስቲያን ጥንት መልስ ሰጥታበታለች። በአምስተኛው መቶ ዘመን መባቻ ቅዱስ አውግስጢኖስ ከዶናቲስቶች ጋር የተሟገተው በዚሁ ላይ ነው፤ የምሥጢራት ጸጋ ከክርስቶስ እንጂ ከአገልጋዩ ሰው ብቃት አይመጣም ብሎ። ሉተራኖች በሙሉ የሚቀበሉት የ1530 የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫም አንቀጽ 8 ላይ ይህንኑ ያጸናል። ይህን ስጠቅስ እነዚያን ሰዎች ከክፉዎች መደብ ልመድባቸው አይደለም። የምለው ይህን ነው፦ በጣም ጥብቅ የሆነው አማኝ እንኳ፣ በራሱ መጽሐፍ መሠረት፣ ከእነዚያ እጆች የተቀበለውን ነገር እውነተኛ ነው ብሎ መያዝ አለበት። የተቀበልነው እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ውለታውም እውነተኛ ነው። ጥምቀቱን ይዘን አጥማቂውን መርገም አይሆንም።

የአባ ማይካልን ነገር ደግሞ እዩት። እንደማንኛውም የካቶሊክ መነኩሴ የንጽሕና መሐላ የማሉ ሰው ናቸው፤ ከሌላው ቄስ የተለየ ነገር አልተፈቀደላቸውም፣ አልጠየቁምም። ሆኖም በ2005 ቫቲካን ባወጣችው መመሪያ ሥር የሰደደ እንዲህ ያለ ዝንባሌ ያላቸው ወንዶች ለቅስና ትምህርት እንዳይቀበሏቸው አዘዘች። መመሪያው በልጅነታቸው ቢኖር ኖሮ፣ ያ ሊስትሮ ልጅ ወይ ይዋሻል ወይ በሩ ይዘጋበታል ማለት ነው። ያን በር የሚዘጋ ሰው፣ በኤድስ ዘመን ማን እግር ያሽ ነበር የሚለውንም መመለስ አለበት።

*

አንድ ነገር ሳልለይ ካለፍኩ ጋዜጠኛ አይደለሁም። "ዝምታን ማክበር" ሲባል ስንት ግፍ እንደተሸፈነበት አውቃለሁ። በጥር 2002፣ አባ ማይካል በሞቱ በአራት ወር፣ ቦስተን ግሎብ ጋዜጣ ሕፃናትን የደፈሩ ቄሶችንና ከደብር ደብር እያዘዋወሩ የሸፈኗቸውን አለቆች አጋለጠ። ያ ዝምታ ወንጀል ነው። ሕፃን የተበደለበት ነገር ገመና አይባልም፤ ለፖሊስም ለጋዜጠኛም መነገር አለበት።

ያን ጊዜ ብዙዎች ሁለቱን ነገር አንድ አድርገው "ጥፋቱ የጌይ ቄሶች ነው" አሉ። በ2011 የጆን ጄይ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ለአሜሪካ የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ ያቀረቡት ጥናት ግን ጌይ መሆን ሕፃናትን ለመበደል ምክንያት ሆኖ እንዳላገኙት ገልጿል። መለኪያው ቀላል ነው። የተበደለ ሰው አለ? ካለ ዝም አትበሉ። ከሌለ፣ የያዛችሁት የሰው ሆድ ነው፤ የእናንተ አይደለም።

*

ታዲያ እነዚህን ሰዎች ማክበር ማለት ምን ማድረግ ነው? ስማቸውን መጥራት አንችልም፤ ስማቸውን መጥራት ለብዙዎቹ ጥፋት ነው። ዝምታቸውን "እንዴት ያለ ትዕግሥት" ብሎ ማሞገስም አይሆንም፤ እኛ የጫንባቸውን ሸክም አሸካካማቸው ያምራል ብሎ ማድነቅ ይሆናል። የሚከበረው ከሸክሙ ጋር የሠሩት ሥራ ነው። ሥራውን ደግሞ ስም ሳይጠሩ፣ ማን ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ማመስገን ይቻላል።

ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም ይላሉ አባቶቻችን። አባ ማይካል ሞቱ፤ ዛሬ የኖሩበት ዌስት 31ኛ ጎዳና በስማቸው ይጠራል። ጋሼ ሄዱ፤ በስማቸው የሚጠራ ነገር የለም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። ቤታችሁ መጥቶ የጸለየ፣ ያስታመመ፣ የቀበረላችሁ አገልጋይ ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዛሬ ደውላችሁ አመስግኑት። ስለ አንድ አገልጋይ "ይሄን አይታችኋል?" የሚል ነገር ሲደርሳችሁ እናንተ ጋ ይቁም፤ ቮን ኤሰን ዘንድ ለዓመታት እንደቆመው። በአገልጋይ ላይ የመወሰን ሥልጣን ያላችሁ የሰበካና የሽማግሌዎች ጉባኤ አባላት ደግሞ፣ ሰውን የምታሰናብቱት በማስረጃና ፊት ለፊት አነጋግራችሁ ይሁን። በስክሪንሾት ሰው አይሰናበትም።

እኔም የድርሻዬን ልወጣ ሞከርኩ። የጋሼን ቁጥር አፈላልጌ አገኘሁ። ይህን ጽሑፍ ሙሉውን ላክሁላቸው፣ ፎርዋርድ ያደረግኩበትን ክፍል ሳልቆርጥ። "ይቅር ይበሉኝ። አባቴን ስለላጩልኝ አመሰግናለሁ። ይውጣ ካሉኝ ይወጣል፣ ይቅር ካሉኝ ይቀራል" ብዬ ጻፍኩ። ማንበባቸውን የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች መጡ። ሁለት ቀን ዝም አሉ።

በሦስተኛው ቀን መለሱልኝ። ወሬው እውነት ነው አላሉም፣ ውሸት ነው አላሉም። ስለ ይቅርታውም ምንም አላሉም። የጻፉት ይህን ብቻ ነው፦

"ስም ከሌለው ይውጣ። እናትህ እንዴት ናቸው? ጊዮርጊስስ?"